ንኡሳን አኃው በልቼና በአንኮበር፤ የፍራንቸስኮሳዊ ጥሪ ኑሮ በሸዋ (1868–1879)

በሸዋ አንድ ሰው መነኵሴ መሆኑ ከሩቅ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ በቀሚሱ፥ በቅናቱና በቆቡ። እነዚህን የተቀበለ ሰው ከዓለም እንደ ተለየ ይቈጠራል፤ በሚመነኵስበትም ቀን እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። በማርች ወር 1868 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው በልቼ፥ ከንጉሥ ምኒልክ ፊት አንድ ጢማም ኢጣልያዊ ጳጳስ ቀረቡ። የእኒህ ጳጳስ ማኅበርም ቀሚስ፥ ቅናትና ቆብ ያለው ነበር። ቅናቱ ሦስት ቋጠሮ ያለበት ገመድ ሲሆን ቋጠሮዎቹ የድኽነት፥ የንጽሕናና የመታዘዝ ምልክት ናቸው። ቆቡ ደግሞ ከቀሚሱ ጋራ የተሰፋና ጫፉ የሾለ ነው፤ ማኅበሩ ካፑቺን የተባለውም በኢጣልያንኛ ቋንቋ የዚህ ቆብ ስም ካፑቾ ስለ ሆነ ነው። ጳጳሱ ጉልየልሞ ማሳያ ነበሩ፤ በአገራችን የታወቁት አቡነ ማስያስ በሚል ስም ነው።

እንግዲህ የሁለቱ አገር መነኮሳት በልብስ ይመሳሰላሉ። ጢምም ቢሆን የካፑቺኖች ልማድ ነበረ። ይሁን እንጂ ልብሱ ቢመሳሰል የጥሪው አሳብ አንድ አይደለም፤ በሸዋ ያለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታትም ታሪክ በብዙው የዚህ ልዩነት ታሪክ ነው። የሸዋ ሰው መነኵሴን የሚያውቀው ሰውን ትቶ ወደ ገዳም ወይም ወደ በረሓ በመሄዱ ነው። በእርግጥ በየደብሩ አጥር ውስጥ በእርጅናቸው መንኵሰው የሚኖሩና ለሕዝቡ የነፍስ አባት የሚሆኑ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የምንኵስና ፍጹምነት የሚታየው በምናኔ ነበር። የፍራንቸስኮስ ማኅበር የተነሣው ግን ከዚህ በተቃራኒው በኩል ነው።

ፍራንቸስኮስ በ1181 ወይም በ1182 ዓ.ም. በኢጣልያ በአሲዚ ከተማ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ተወለደ። የለምጽ ሕሙማንን ከማገልገል ጀምሮ ልብሱን ሳይቀር ለአባቱ መልሶ በድኽነት ለመኖር ቈረጠ። ተከታዮች ባገኘ ጊዜ ወደ ገዳም አላስገባቸውም፤ ወደ መንገድና ወደ ከተማ፥ ወደ ገበያና ወደ ሕሙማን ቤት ላካቸው። ስማቸውንም ንኡሳን አኃው፥ ማለት ታናናሽ ወንድሞች አላቸው። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ከተሞች ሕዝቡ በታላላቆችና በታናናሾች የተከፈለ ስለ ነበረ፥ ይህ ስም የትሕትና ቃል ብቻ ሳይሆን ከማን ወገን ሆነው እንደሚኖሩ የሚያስታውቅ ነበረ። ማኅበሩ በ1209 ዓ.ም. ከፓፓ ኢኖቸንት 3ኛ የቃል ፈቃድ አገኘ፤ ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ ያለው ሥርዓቱም በኖቬምበር 29 ቀን 1223 ዓ.ም. በፓፓ ሆኖርዮስ 3ኛ ማኅተም ጸና። ካፑቺኖች ከዚህ ማኅበር ውስጥ የመጀመሪያውን ድኽነት በጥብቅ እንጠብቅ ብለው የተለዩና በ1528 ዓ.ም. የታወቁ ወገኖች ናቸው።

ለሸዋው ታሪክ የሚያስፈልጉት የሥርዓቱ ቃላት ሦስት ናቸው። አንደኛው፥ ወንድሞች ገንዘብን በራሳቸውም ሆነ በሌላ ሰው እጅ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሁለተኛው፥ ቤትንም፥ ቦታንም፥ ማናቸውንም ነገር የራሳቸው እንዳያደርጉ ያዝዛል። ሦስተኛው ሌላ ሃይማኖት ወዳላቸው ሕዝቦች ስለሚሄዱ ወንድሞች ነው። በዚህ ላይ በ1221 ዓ.ም. የተጻፈው የቀደመው ሥርዓት በዐሥራ ስድስተኛው ምዕራፉ ሁለት መንገድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ክርክርና ጠብ ሳያነሡ፥ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለሰው ሁሉ እየተገዙ፥ ክርስቲያን መሆናቸውን ብቻ ሳይሸሽጉ መኖር ነው። ሁለተኛው፥ እግዚአብሔር የፈቀደ መስሎ በታያቸው ጊዜ ቃሉን መስበክ ነው። ኑሮ ከስብከት በፊት መቀመጡን ልብ ማለት ይገባል። ፍራንቸስኮስ ራሱ በ1219 ዓ.ም. በመስቀል ጦርነት መካከል ወደ ድምያጥ ሄዶ ከግብፁ ሱልጣን ከአልካሚል ጋራ መገናኘቱ የዚህ ምዕራፍ መነሻ ሳይሆን አይቀርም።

የኢትዮጵያና የዚህ ማኅበር ግንኙነት ከአቡነ ማስያስ ብዙ ይቀድማል። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) በነገሡበት ዘመን፥ በ1441 ዓ.ም. ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የሄዱትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እንዲጋብዝ በፓፓው የተላከው አልቤርቶ ዳ ሳርቴአኖ የተባለ ፍራንቸስኮሳዊ ነበር። መነኮሳቱን የላኳቸው ንጉሡ አልነበሩም፤ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አበምኔት የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከረረ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን ምክንያት ከደረሰው ደም መፋሰስ የተነሣ፥ ከሮማ የሚመጣ መነኵሴ ሁሉ የዚያ ጠብ ወራሽ ሆኖ ይታይ ጀመር። በ1638 ዓ.ም. አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች በጎንደር ተሰቀሉ፤ በ1716 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ፍራንቸስኮሳውያን በዚያው በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ወደ ሸዋ የመጡት አቡነ ማስያስ ይህን ሁሉ ትዝታ በጫንቃቸው ተሸክመው ነው የመጡት።

እርሳቸው በ1809 ዓ.ም. በፒየሞንቴ አገር ፒዮቫ በተባለች መንደር ተወልደው በ1826 ዓ.ም. ካፑቺን ሆኑ። ቅስና ከተቀበሉ በኋላ በቶሪኖ ከተማ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ቄስ ሆነው ሠርተዋል፤ ያገኙት ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ከዚያ የተወሰደ ነው። በ1846 ዓ.ም. ፓፓ ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካርያት ባቋቋሙ ጊዜ እርሳቸው ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በ1849 ዓ.ም. በምጽዋ ለአባ ያዕቆብ ዴ ያቆቢስ የጵጵስና ማዕርግ ሰጡ። ዐባይን ተሻግረው ወደ ጉድሩ የደረሱት በ1852 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም እስከ ካፋ ሄዱ፥ በ1861 ዓ.ም. ግን ከካፋ ተባረሩ።

ከእርሳቸው ጋራ ከመጡት ጥቂት ካፑቺኖች መካከል የሁለቱ ዕድል ጥሪው ምን ያህል ልዩ ልዩ መንገድ እንደያዘ ያሳያል። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በቤጌምድር ተቀምጦ ግዕዝ ተማረ፤ ለአንቷን ዳባዲ መጻሕፍት ሲሰበስብና ሲገለብጥ ኖሮ በ1856 ዓ.ም. በካርቱም ሞተ። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ደራሲው ማን እንደ ሆነ የሚከራከሩበት ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ ወደ ኤውሮፓ የሄደው በእርሱ እጅ ነው፤ ያ ክርክር ግን ለብቻው ጽሑፍ የሚያሻው ነውና እዚህ አይነሣም። ቼዛሬ ዳ ካስቴልፍራንኮ ደግሞ በካፋ ቀርቶ ሚስት እስከ ማግባት ደረሰ። ጠቃሚ እንግዳ እንዳይሄድ በጋብቻ ማሰር በብዙ አገር ያለ ልማድ ነው። በሸዋ ግን ማሰሪያው ሌላ ነበር።

አቡነ ማስያስ በኤውሮፓ ሳሉ በ1866 ዓ.ም. በማርሴይ ለኦሮሞ ወጣቶች የትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ ስለ አማርኛና ስለ ኦሮሞ ቋንቋ በላቲን የጻፉትን ሰዋስው አሳተሙ። ከዚያ ከአባ ታውሪን ካኻኝ ጋራ ተመልሰው በልቼ ከንጉሥ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ምኒልክ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ከመቅደላ ካመለጡ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ጳጳሱ የሸዋን ምድር በረገጡ በማግስቱ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ። አቡነ ማስያስ ሸዋን እንደ መሸጋገሪያ አድርገው ወደ ደቡብ ወደ ቀደመ ሥራቸው ለመመለስ ያስቡ ነበር። ንጉሡ ግን በፍቅር ያዟቸው፤ ሂዱ አላሉም፥ አትሂዱም አላሉም፤ ነገ ነገ እያሉ ዓመቱን ዓመት ወለደው።

በሸዋ ቤተ መንግሥት የውጭ አገር ሰው የሚያዝበት መንገድ ቀድሞ የተደላደለ ነበር። የምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሳሉ በ1839 ዓ.ም. የፕሮቴስታንቱን ሚሲዮናዊ ክራፕፍን፥ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊውን ሮሼ ዴሪኩርን፥ በ1841 ዓ.ም. ደግሞ በሐሪስ የሚመራውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ተቀብለዋል። እንግዳው ባለ እጅ፥ ሐኪም፥ ጠመንጃ ዐዋቂ ወይም ደብዳቤ ጸሓፊ ሆኖ እስከ ጠቀመ ድረስ ይከበር ነበር፤ ሃይማኖቱን ማስተማር ሲጀምር ግን ከካህናቱ ጋራ ይጋጫል። በተጨማሪም ሸዋ በዚያ ዘመን የሦስት ልደት (የጸጋ ልጅ) ትምህርት የጸናበት አገር ስለ ሆነ፥ ከሰሜኑ ካህናት ጋራ የራሱ ክርክር ነበረው፤ ለውጭ አገር ሰው የነበረው ትዕግሥት በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስላል።

ንጉሡ ለሚሲዮኑ በአንኮበር አካባቢ ፍቅሬ ግምብ በተባለው ስፍራና፥ ገና አዲስ አበባ ባልተቈረቈረችበት ጊዜ በፊንፊኔ ቢርቢርሳ ላይ መቀመጫ ሰጡ። የፍራንቸስኮስ ልጅ ግን ቤትም ቦታም የእኔ ማለት አይችልም። ይህ ችግር በኤውሮፓ ከብዙ ዘመን በፊት ተነሥቶ ነበር፤ ፓፓ ኒቆላዎስ 3ኛ በ1279 ዓ.ም. ባለቤትነትን ከመጠቀም ለይተው፥ ወንድሞች ይጠቀማሉ እንጂ ባለቤት አይሆኑም፥ ባለቤትነቱ የሮማ መንበር ነው ብለው ደንግገው ነበር። ፓፓ ዮሐንስ 22ኛ በ1322 ዓ.ም. ያን ባለቤትነት አልቀበልም ስላሉ ብዙ ክርክር ሆኗል። በኤውሮፓ የሕግ ሊቃውንት ብዙ ብራና የፈጁበት ይህ ልዩነት በሸዋ ለማናቸውም ባላገር ግልጥ የሆነ ነገር ነበር። ርስት የዘር ነው፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፥ ሰው በትውልዱ እንጂ በሹመት አያገኘውም። ጉልት ግን የመሬቱ ባለቤትነት ሳይሆን የግብሩ መብት ነው። ማደሪያ ደግሞ አገልጋይ አገልግሎቱ እስካለ ድረስ የሚበላው መሬት ነው፤ አገልግሎቱ ሲቀር ማደሪያውም ይቀራል። ዘር የሌለው፥ ልጅ የማይወልድ የውጭ አገር መነኵሴ ርስት ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ የፍራንቸስኮስ ሥርዓት በመጽሐፍ የደነገገውን የሸዋ የመሬት ሥርዓት በልማድ ፈጸመው። የአቡነ ማስያስ ማኅበር በሸዋ ከኢጣልያ ይልቅ እውነተኛ ባለቤት ያልሆነ ማኅበር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ዋናው ጭንቅ ያለው በዚህ ላይ ነው። በኡምብርያ ምንም የሌለው ሰው ነጻ ነበር፤ የሚያስከፍለው ጌታ የለም፥ የሚፈራው ክስ የለም፥ ዛሬ ከዚህ ደጅ ለምኖ ነገ ወደዚያ ይሄዳል። በሸዋ ግን ርስት የሌለው ሰው የግድ የሰው ነው። የንጉሥን መሬት የሚበላ የንጉሥ አገልጋይ ነው፤ በልቶ አለማገልገል ነውር ነው። የታናሽነት ሥርዓት ባለቤት እንዳይሆኑ በከለከላቸው መጠን የቤተ መንግሥት ሰዎች አደረጋቸው። ይህን የሥርዓቱ ጸሓፊዎች ሊያስቡት አይችሉም ነበር፤ ካፑቺኖቹም በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ነበራቸው ማለት ያስቸግራል። የለማኝነትን መንገድ ይዘው በየደጁ ቢዞሩ፥ በሸዋ ያን መንገድ ቀድሞ የያዘው አኩፋዳ አንግቶ ስለ ማርያም የሚለው የቆሎ ተማሪ ነበር፤ እርሱም የሚለምነው እስኪማር ድረስ ነው እንጂ ልመና የዕድሜ ልክ ጥሪ አልነበረም። ጳጳስ የሆነ ሰው ደጅ ለደጅ ቢለምን ደግሞ ትሕትናው ሳይሆን ወገን አልባነቱ ይታይ ነበር።

የገንዘብ ክልከላውም በሸዋ ያልታሰበ መልክ ይይዛል። ሥርዓቱ ወንድሞች ለሠሩት ሥራ ከገንዘብ በቀር ለሥጋ የሚያስፈልገውን ሁሉ መቀበል እንዲችሉ ይፈቅዳል። ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ግን ከማርትሬዛ ብር ጋራ አሞሌ ጨው ይዘዋወር ነበር። አሞሌ ገንዘብ ነው፤ ተሰብሮ ወጥ ውስጥ ሲገባ ግን ምግብ ነው። ለሥጋ የሚያስፈልግ ነው እንዳይባል ሰው ይገበያይበታል፤ ገንዘብ ነው እንዳይባል ሰው ይበላዋል። የአሲዚ ነጋዴ ልጅ የሳንቲምን ድምፅ ሲጠላ እንዲህ ያለ ገንዘብ በዓለም መኖሩን አላወቀም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሸዋን ሰው የሚያስደንቀው ጾም ነው። በፍራንቸስኮስ ሥርዓት ወንድሞች ከቅዱሳን ሁሉ በዓል፥ ማለት ከኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት፥ እንዲሁም ዐቢይ ጾምንና ዓርብን ይጾማሉ፤ ከዚህ በቀር ወደ ሰው ቤት ሲገቡ በወንጌል እንደ ተጻፈው የቀረበላቸውን መብላት ተፈቅዶላቸዋል። ይህ በአሲዚ ለመንገደኛ ወንድም የተሰጠ ነጻነት ነው፤ ድኻው ያቀረበለትን ጥቂት ነገር እንዳይንቅ። በሸዋ ግን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ከሁለት መቶ ቀን የሚበልጥ ጾም አለ፤ እዚያ ክርስቲያንነት የሚለካው በጾም ነው። በነነዌ ወይም በፍልሰታ ወተት የሚጠጣ መነኵሴ ቢታይ፥ የቱንም ያህል ስለ ድኽነት ቢያስተምር፥ ሕዝቡ እንደ መነኵሴ አይቈጥረውም። ጫማ የሌለው እግርም እንዲሁ ነበር፤ በኤውሮፓ ከተሞች በባዶ እግር ወይም በሰንደል መሄድ ራስን ለድኻ ወገን መስጠት ነው፤ ሁሉ በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር ግን ባዶ እግር ምንም አይናገርም።

እንግዲያስ በሸዋ የፍራንቸስኮስ ጥሪ በምን ታወቀ ቢባል፥ ከሁሉ በላይ በሕክምና ነው። አቡነ ማስያስ በየሄዱበት የፈንጣጣን ክትባት ይከትቡ ነበር፤ በአንዳንድ አገርም ስማቸው ከፈንጣጣ ጋራ ተያይዞ ይጠራ ነበር። በኢትዮጵያ ከፈንጣጣ ቍስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ከእርሳቸው በፊት የታወቀ ልማድ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ነገሩን እንደ አስማት ሳይሆን የሚያውቀው ሥራ በባዕድ እጅ እንደ መጣ አድርጎ ነው የተቀበለው። መድኃኒት ዐዋቂ በልማዱ ይከፈለዋል፥ ምስጢሩንም ይሸሽጋል፤ የፍራንቸስኮስ ልጅ ግን በነጻ ማድረግ ይገባዋል። የሕሙማንን ቤት በማገልገል የተጀመረው ጥሪ በሸዋ የተረዳው በዚሁ በመጀመሪያው ቋንቋው ነው። በዚህ ጕዳይ ላይ ከሚሲዮኑ ስብከት ይልቅ ሥራው የተሰማ ይመስላል፤ የ1221ዱ ሥርዓት ኑሮን ከስብከት ማስቀደሙም በዚህ ትርጕሙን ያገኛል።

ቤተ መንግሥቱ ግን ከጳጳሱ የሚፈልገው ሐኪምን ብቻ አልነበረም። ምኒልክ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋራ መጻጻፍና መሣሪያ ማግኘት ይፈልጉ ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. አባ ሚካኤልን ወደ ኢጣልያ ላኩ። አቡነ ማስያስ ከሳቮያ ቤት ጋራ ቀድሞ የተዋወቁ ስለ ነበሩ ምክራቸው ዋጋ ነበረው። በ1876 ዓ.ም. በኦራስዮ አንቲኖሪ የሚመራው የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ ወደ ልቼ በደረሰ ጊዜ የሚያስተዋውቁና የሚረዱ እርሳቸው ነበሩ። ንጉሡም ለዚህ ጉዞ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያን ሰጡ፤ አንቲኖሪ በዚያ ወፎችንና ሌሎች እንስሳትን ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ጉዞው የዕውቀት ጉዞ ነበረ፤ ነገር ግን ለኢጣልያ የሸዋን መንገድ ከከፈቱት ነገሮች አንዱ እርሱ መሆኑን የኋላው ታሪክ ይመሰክራል። ጳጳሱ ይህን አስበውት ነበር ማለት ማስረጃ የሚሻ ነገር ነው። ነገር ግን ለሰው ሁሉ እንዲገዛ የታዘዘ ታናሽ ወንድም የንጉሥ አማካሪ ሲሆን ከታላላቆች ወገን ሆኖ እንደሚቈጠር እርሳቸው ሳያውቁት አልቀሩም። በሸዋ ላይ የጳጳስነት ማዕርጋቸውም ይህንኑ ያባብሰው ነበር፤ በዚህ አገር አቡን ማለት ከእስክንድርያ የሚመጣ አንድ ታላቅ ሰው ነውና፥ ሌላ አቡን በንጉሥ አጠገብ መቀመጡ የሥልጣን ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄው የተፈታው በዚያው በልቼ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ በገሠገሡ ጊዜ ምኒልክ ለመገዛት ተስማሙ፤ በማርች ወር በተደረገው የልቼ ስምምነት ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተዉ፥ ግብር ለመክፈልም እሺ አሉ፤ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡም ተፈረደ። ጥቂት ቆይቶ በዚያው ዓመት በወሎ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ዮሐንስ የሦስት ልደትን ትምህርት አስወግዘው ሸዋን በአንድ ሃይማኖት ሥር አገቡ። ለእንግዶቹ የነበረው ትዕግሥት የቆመበት ምሰሶ በዚህ ወደቀ። ምኒልክ ነገሩን ለአንድ ዓመት ያህል አጓተቱት። በ1879 ዓ.ም. ግን የ70 ዓመት ሽማግሌ የሆኑት አቡነ ማስያስ ከአባ ታውሪንና ከሌላ ጓደኛቸው ጋራ ወደ ደብረ ታቦር ወደ ዐፄ ዮሐንስ ተወሰዱ፤ ከዚያም በሱዳን በኩል ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የፍቅሬ ግምብ መቀመጫ ማደሪያ እንጂ ርስት ስላልነበረ፥ ንጉሡ ቃላቸውን ባነሡ ጊዜ የሚከራከርለት ዘመድ አልነበረም።

መታዘዝ፥ ማለት ሦስተኛው ቋጠሮ፥ የተፈተነው እዚህ ነው። ምኒልክ ይወዷቸው ነበር፥ በሸዋም የተጠመቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ሄዱ። በ1880 ዓ.ም. ቪካርነታቸውን ለአባ ታውሪን ለቀቁ። እኒህም በ1881 ዓ.ም. በግብጻውያን እጅ ወደ ነበረችው ወደ ሐረር ሄደው ሥራውን በዚያ አቋቋሙ። ጥሪው ከሸዋ የቤተ መንግሥት አጥር ወጥቶ በሐረር ሌላ መልክ ያዘ። በ1901 ዓ.ም. አባ ማሪ በርናር የተባሉ ካፑቺን በሐረር አጠገብ ለለምጽ ሕሙማን የቅዱስ እንጦንስን መንደር መሠረቱ፤ ፍራንቸስኮስ ጥሪውን የጀመረው በለምጽ ሕሙማን መካከል እንደ ነበረ ከላይ ተነግሯል። ይሁንና የቤተ መንግሥቱ ጕዳይ ፈጽሞ አልቀረም፤ የሐረር ጳጳስ የነበሩት አባ እንድርያስ ዣሮሶ የራስ መኰንንን ልጅ ተፈሪን በማስተማር ሥራ ላይ ነበሩ። በሰሜን ሸዋ ግን ያን ያህል ዘላቂ ቦታ አልተገኘም፤ በ1994ቱም ሆነ በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ ካቶሊኮች ከመቶ አንድ አልሞሉም።

አቡነ ማስያስ ወደ ሮማ ከተመለሱ በኋላ በፓፓ ሊዮን 13ኛ ትእዛዝ ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ፤ በ1884 ዓ.ም. ካርዲናል ሆኑ፤ የውጫሌ ውል በተፈረመበት በ1889 ዓ.ም. በኦገስት ወር አረፉ። መቃብራቸው በሮማ አቅራቢያ በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሞቱ በኋላ ግን ስማቸው የፈለጉትን ሁሉ እንዲናገር ተደረገ። በ1939 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በፋሽስት ኢጣልያ ተይዛ ሳለች፥ አቡና መሲያስ የሚል ፊልም በጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ተሠርቶ በቬኔስያ በዓል የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ፤ ለሰው ሁሉ ተገዙ የሚለው ሥርዓት ልጅ የገዥነት ምስክር ሆኖ በሸራ ላይ ታየ። ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ በዲሴምበር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓፓ ፍራንቸስኮስ ዘመን ምግባራቸው የጀግንነት ምግባር መሆኑን አውቃላቸዋለች።

ስለ ልቼና ስለ አንኮበር ዓመታት የሚያጠና ሰው ሁለት ጽሑፍ ከፊቱ ያገኛል። አንደኛው ከ1885 እስከ 1895 ዓ.ም. በዐሥራ ሁለት ቅጽ የታተመው የ35 ዓመት የሚሲዮን ታሪክ ነው፤ ይህ ለኤውሮፓ አንባቢ የተሰናዳ፥ በሥዕል ያጌጠ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የእጅ ጽሑፋቸው ሲሆን በስድስት ቅጽ በ1984 ዓ.ም. ታትሟል። ሁለቱም የተጻፉት ሽማግሌው ከተባረሩ በኋላ ነው፤ የሸዋ ሰው፥ ካህኑም ባላገሩም፥ የሚናገርባቸው በጳጳሱ ብዕር ነው። እንዲያም ሆኖ ስለ መሬት፥ ስለ ገበያ፥ ስለ ጾምና ስለ ሕመም ሲጽፉ ጳጳሱ የሚከራከሩበት ምክንያት ስለሌላቸው እዚያ ላይ ይበልጥ ይታመናሉ፤ ስለ ካህናቱና ስለ ሃይማኖት ክርክር ሲጽፉ ግን የሸዋን የራሱን ዜና መዋዕልና የደብሮቹን ትውፊት ከጎናቸው አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። በፍቅሬ ግምብ አካባቢ ያለው ትውፊት ከእነዚህ ጋራ ቢተያይ፥ ስለ መቀመጫው፥ ስለ ሕክምናውና ስለ ማደሪያው መሬት ከሚሲዮኑ መጽሐፍ ውጭ የሆነ ምስክር ሊገኝ ይችላል።